የፋሲካው በሬ እጢ

በዚያ ዓመት የቀናሁት በልጄ መምህር ነው። ከዚያ በፊት በሰው ቀንቼ አላውቅም አልልም። የቀድሞው ቅናቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ይበርድልኝ ነበር። ይኼኛው ተሳልሜም ሰግጄም አልበረደልኝም።

ባሌ ካረፈ ጀምሮ እኔና ልጄ ጀሞ ኮንዶሚንየም ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ከሕንጻችን ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እዚያ ነበር። ቦርሳዋን ከጨርቁ ክምር ላይ ትጥልና የዋለችበትን ሁሉ ትነግረኛለች። ማን እንደተመታ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ መምህሩ ምን እንዳሉ። ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላም አልተወችም። ያልገባኝን ሳይቀር ትነግረኝ ነበር፤ እኔም የስፌት መኪናዬን ሳላቆም እሰማታለሁ። እግዚአብሔር ከሰጠኝ ነገር ሁሉ ከዚያ ሰዓት የሚበልጥብኝ አልነበረም።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትጀምር ይህ ቀረ። ስትመጣ «ደክሞኛል እማ» ትላለች። እንዴት ዋልሽ ስላት «ሰላም ነው» ትላለች። ጠዋት ጉንጬን ስማ በሩጫ ትወጣለች።

ስለ መምህሯ ግን ታወራ ነበር። በመጀመሪያ «እሳቸው» ነበር የምትለው። ጥምቀት ሲደርስ «እሷ» ሆነች። እሷ እንዲህ አለች፤ እሷ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው አትወድም፤ እሷ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ስለ መምህሯ የማውቀው እየበዛ፣ ስለ ልጄ የማውቀው እያነሰ ሄደ።

መምህሯ ለቡ ነው የምትኖረው። በሳምንት አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ መኪናዋን ግቢያችን በር ላይ ታቆምና ልጄን ይዛት ወደ ቄራ ትሄዳለች። እኔ ከፎቅ በመስኮት አያለሁ። ልጄ የፊቱን በር ከፍታ ትገባለች፤ በሩ ገና ሳይዘጋ ማውራት ትጀምራለች። እጇን እያወዛወዘች፣ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ አዙራ። ያ ፊት የኔ ነበር።

አንድ ማታ እራት በልተን እንደጨረስን ስልኳ ጮኸ። ሳህን እያጠበች ስለነበር ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በልተሻል ልጄ?» አለች መምህሯ።

«አዎ፣ አሁን በላሁ።»

«ጎሽ። ባዶ ሆድሽን እንዳታድሪብኝ።»

ሽሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳህኑ የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ልጅቷም የኔ ናት። ተነሥቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁና የማታ ጸሎቴን ጀመርኩ። አባታችን ሆይን ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ወደ ቄራ የሚሄዱበትን ምክንያት አውቅ ነበር። የበሬ ኩላሊት ላይ፣ በስቡ ውስጥ የተቀበረች እጢ አለች። እኛም አለችን። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ ልቡን የሚያስመታውን አድሬናሊን የምትለቀው እሷ ናት። ያችን እጢ በሬው እንደታረደ፣ ትኩሱን ይቀበሉና በበረዶ ሣጥን ይዘው ወደ ላብራቶሪ ይሄዳሉ። ከዚያ ሴሎቹን ያወጣሉ። ከዚያ በላይ የሚያደርጉትን አላውቅም ነበር። መምህሯ የምታውቀውንና እኔ የማላውቀውን ነገር ማሰብ ደግሞ ከማንኛውም ሌላ ነገር ይልቅ ያቃጥለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ወደ ስፌት ክፍሌ ወርዳ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክልልኝ ጠየቅኋት።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ያቺ ሴል ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ይሰለችሻል እማ።»

«እሷን አይሰለቻትም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሷ ሥራዋ ነው እኮ።»

«የኔም ሥራዬ ነው» አልኳት።

ሳቀችና ቁልፉን አስቀመጠች።

«እሺ። የጀሞን ታክሲ ተራ አስቢ። ሴሏ ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ በአድሬናሊን የተሞሉ። ጥቂቶቹ እንደ ተረኛ ሚኒባስ ግድግዳው ጋ ተጠግተው፣ ሞተር አስነሥተው ይጠብቃሉ። የሚበዙት ከኋላ ተራ ይዘው ነው ያሉት።»

«ሂዱ የሚላቸው ማን ነው?»

«ካልሲየም። ስትደነግጪ በነርቭ በኩል ጥሪ ይመጣል፤ የሴሏ በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ከውጭ ይገባል። ያን ጊዜ ከፊት ያሉት ወዲያው ይሄዳሉ፤ ከኋላ ያሉት ቀስ እያሉ ይተኳቸዋል። ከረጢቱ ከግድግዳው ጋር ይገጥምና አፉን ይከፍታል። ውስጡ ያለው ወደ ደም ይፈስሳል።»

«ከረጢቱስ ይጣላል?»

ፊቷ በራ። በመኪናው መስኮት የማየው ፊት ነበር።

«የኔ ጥያቄ እሱ ነው እማ። አይጣልም። ቢጣል ሴሏ ከረጢት ያልቅባት ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቢቀርም አይሆንም፤ የከረጢቱ ቆዳ የግድግዳው ቆዳ እየሆነ ሴሏ ዝም ብላ ትሰፋለች። ስለዚህ የሰጠችውን መልሳ ትስባለች። ግድግዳውን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣ ከአንገቱ ታጠብባለች፣ ትቆርጣለች። አንቺ ኪስ ወደ ውስጥ እንደምትገለብጪው በይ። ከዚያ ባዶው ከረጢት ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ የሚታሸገው እዚያ ነው። በር ላይ ቆሞ አይሞላም። ታክሲም ለመጫን ተራው ጋ መመለስ አለበት።»

«መንገድ ላይ የሚጭን ሞልቶ የለም እንዴ?»

«እንደዚያ የሚያደርግ ሴልም አለ። ምሳሌዬን አታበላሺብኝ።»

እንደ ድሮው ሳቅን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ሌላም መንገድ አለ። አንዳንዱ ከረጢት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ግድግዳውን ይነካል፣ አፉን በጠባቡ ከፈት ያደርጋል፣ ትንሽ ይለቅና መልሶ ዘግቶ ይሄዳል። የሚበዛው ዕቃ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። ስሞ መሮጥ ይሉታል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ሳይንቲስቶቹ ናቸው። ስሙ ነው። እኔ የምፈልገው መቼ ሙሉውን እንደሚከፍት፣ መቼ ስሞ እንደሚሮጥ ለማወቅ ነው። ጥሪው ለስለስ ሲል ስሞ መሮጡ ይበዛል ይባላል፤ ጥሪው ሲጠነክር ሙሉውን ይከፍታል። ከዚያ ሴሏን የሚያበራ ቀለም ውስጥ አስቀምጣታለሁ። የተመለሰው ከረጢት ቀለሙን ይዞ ይገባል። የበራውን አይቼ ምን ያህሉ እንደተመለሰ አውቃለሁ።»

ቁልፏን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ሌላ አልሰማሁም። በየጠዋቱ ጉንጬ ላይ የሚሆነው ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። ለመምህሯ ሙሉውን ትከፍታለች፤ ለኔ ስማ ትሮጣለች።

በተከታዩ ሳምንት ጥሪዬን አጠነከርኩ። በር ላይ ጠብቄ እጠይቃታለሁ። ማን መጣ፣ ምን አላችሁ፣ እጢዋ እንዴት ነበረች፣ ቀለሙ በራ ወይ። ሁለት ቀን መለሰችልኝ። በሦስተኛው ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ «እማ፣ እኔ ሴል አይደለሁም» አለችኝና ገብታ በሯን ዘጋች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቄራ ፀጥ አለ። በክርስቲያኑ በኩል ቢላ ይሰቀላል። በሙስሊሞቹ በኩል እርዱ አይቆምም፤ መምህሯ እዚያ የምታውቀው ሰው ነበርና እጢ አላጡም። ልጄ በጾም የበሬ ሥጋ መንካቷ ቢያሳስበኝ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

«ትበላዋለች?» አሉኝ።

«አትበላውም አባ። በማይክሮስኮፕ ነው የምታየው።»

«እንግዲያውስ ትይ። አንቺስ እንዴት ከርመሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አልኳቸው።

ጾሙ ሲጋመስ ሁለት ነገር ባንዴ ሆነ። ሴሎቹ የተቀመጡበት ሙቀት መጠበቂያ ውስጥ ሻጋታ ገባና ያላቸውን ሁሉ ጣሉት። ቄራ ያለው ሰውዬም ታሞ ወደ አገሩ ሄደ። እሱ እጢዋን ሳይነካት ከነስቧ ያወጣት ነበር። የተካው ሰው ኩላሊቱን ሲመነጭቅ ይሰነጥቃታል፤ የተሰነጠቀች እጢ ለሥራቸው አትሆንም።

ልጄ ይህን የነገረችው ለመምህሯ ነው፤ በረንዳ ላይ ቆማ፣ በስልክ፣ እያለቀሰች። እኔ በመስታወቱ ውስጥ አያታለሁ። እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ።

በማግሥቱ ነገሩን በቁርጥራጭ ሰማሁ። ማይክሮስኮፑ የብዙ ሰው ነው። የሷ ተራ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነበር፤ በዓል ስለሆነ ሌላ ሰው አልፈለገውም። ያ ካመለጣት የሚቀጥለው ተራ የሚደርሳት ጽሑፏን ከምታስረክብበት ቀን በኋላ ነው። ያለነዚያ ፎቶዎች ሥራዋ ጎዶሎ ነው፤ መመረቋም ለሌላ ዓመት ይቆያል። ሴሎቹ ደግሞ ከእጢዋ ከወጡ በኋላ እስኪረጋጉ ጥቂት ቀን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያልተሰነጠቀች እጢ የምታስፈልጋት በፋሲካ ጠዋት ነበር። በበዓል ሰሞን ደግሞ ቄራ ውስጥ ለእጢ ጆሮ የሚሰጥ የለም።

«ዶክተር ምን አለች?» አልኳት ስለ መምህሯ።

«እየፈለገች ነው። እስካሁን አላገኘችም።»

አላገኘችም የሚለውን ቃል ስሰማ ውስጤ ብድግ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። ለልጄ አዝኛለሁ፤ ግን ደስም ብሎኛል። የኔዋ እጢ ከረጢቶቿን ሁሉ የከፈተች መሰለኝ፤ ልቤ እንደዚያ መታ። በየዓመቱ ለፋሲካ የሕንጻችን ሰዎች በሬ ገዝተን ቅርጫ እንገባለን። ያ በሬ ሁለት ኩላሊት አለው። መምህሯ ያጣችውን እኔ ላገኝ ነው።

ሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቅርጫው ተካፋዮች ግቢው ውስጥ ተሰባሰብን። ቅርጫውን የሚመሩት አንደኛ ፎቅ ያሉ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ እጄን አወጣሁ።

«ኩላሊቱ ላይ ሁለት እጢ አለ። እሱን ስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?» አሉ ጡረተኛው።

«ለልጄ ትምህርት ነው።»

ከኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ለባል ማስመለሻ መስሎኝ።»

«የኔ ባል ካለበት በእጢ አይመለስም» አልኳት። ሌሎቹም ሳቁ፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጡረተኛው ግን አልሳቁም። «ከዚህ በሬ ላይ ያለ ዕጣ የሚወጣ ነገር የለም። ዛሬ እጢ ብለን ብንፈቅድ ከርሞ ሻኛ የሚል ይመጣል።»

«ከመደቤ ላይ ኩላሊቱን አንሡ።»

«ኩላሊቱም በዕጣ ነው።»

«ጨጓራውንም አንሡ።»

«እኚህ ሴትዮ የምራቸውን ነው» አለች ጎረቤቴ። «እትዬ ታጋሽ ሴት ናቸው፤ በከንቱ አይለምኑም። ጋሼ፣ ይስጧቸው።»

ጡረተኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ አዞሩ። «ዕለቱ ይድረስና እናያታለን» አሉ። እሺም እምቢም አላሉም። ሰሙነ ሕማማትን በስግደት ሳሳልፍ፣ ስንበረከክም ስነሣም ልመናዬ አንድ ነበር። የጌታን ሕማም ማሰብ ሲገባኝ የበሬ እጢ አስብ ነበር፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።

ፋሲካ ነጋ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾማችንን ፈትተናል፤ ዶሮው ምድጃው ላይ ነው። አራጁ ማልዶ መጣ፤ በዓል ስለሆነ ከግቢ ግቢ ስለሚዞር ይቸኩላል። በሬው ለእርድና ለድግስ ከተሠራው የጋራ ቤት፣ ከኮሚናሉ ጀርባ ታረደ። ልጄ የበረዶ ሣጥኗን ይዛ ቆማለች። ያኔ ያች መኪና በሩ ላይ ቆመች።

ልጄ መምህሯ እንደምትመጣ አልነገረችኝም ነበር። «የላብራቶሪው ቁልፍ እሷ ጋ ነው እማ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ማጠቢያውንም ፈሳሽ የያዘችው እሷ ናት።»

ሁልጊዜ ከፎቅ የማየው የመኪናዋን ጣራ ነበር። በአሳቤ ረጅምና ወጣት አድርጌያት ነበር። አጭር ሴት ናት። ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት አላት። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዚፑ ጀርባዋ ላይ እስከ መካከል ብቻ ነው የተዘጋው። የሚዘጋላት ሰው ሳይነቃ ከቤቷ ወጥታለች።

«እንኳን አደረስዎ እትዬ» አለችኝ ዝቅ ብላ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ዶክተር። ይቅርታ፣ አንዴ ይዙሩ» አልኩና ዚፑን ሳብኩላት። ልብስ ሰፊ ነኝና የተከፈተ ዚፕ ማየት አልችልም።

አራጁ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ወደ ኩላሊቱ ሲደርስ «የቷ ናት?» አለ። መምህሯ በዚያ ነጭ ቀሚስ ደሙ አጠገብ ቁጢጥ አለችና በጣቷ አሳየችው። ልጄ በመቀስ ስቡን ከፈተች። አንዷን አወጣች፤ ሁለተኛዋን አወጣች። የሰው አውራ ጣት ታህላለች፤ ቡናማ ናት።

ጡረተኛው አጎንብሰው አዩ። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት ጋሼ» አለች ልጄ።

«ለይቺ ነው ያን ሁሉ ያሟገተችን?» ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ዕጣ አያስፈልጋትም። ድመትም አትጠግብባት። ውሰዱ፣ እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ።»

ጨጓራዬም ኩላሊቴም ተረፈልኝ። በልቤ ተመስገን አልኩ። እጢዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ገቡ። ልጄ ሣጥኑን ይዛ ወደ መኪናው ስትሮጥ፣ ይህን ሁሉ ለምኜ ያገኘሁት እሷን በፋሲካ ጠዋት ለዚያች ሴት አስረክቤ ብቻዬን ዶሮ ልበላ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ቆሜ ቀረሁ።

መምህሯ ዞር አለች። «እትዬ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ። ሣጥኑን የሚይዝልን እንፈልጋለን።»

«ዶሮውን ይዘሽ ነይ እማ» አለች ልጄ።

«መደብዎን እኔ አነሣልዎታለሁ» አለችኝ ጎረቤቴ። «ሻኛ ከደረሰዎት ግን አላውቅዎትም።»

ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ሣጥኑ ጭኔ ላይ፣ የዶሮው ሳህን አጠገቤ። ልጄ ከፊት ናት። መኪናው ሲነሣ የጴንጤ መዝሙር ጀመረ፤ መምህሯ በመስታወቱ አየችኝና ዝም አሰኘችው። ሃይማኖቷን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ለዚህም ልቀና ወይም ልሰጋ ስሰናዳ ስልኳ ጮኸ። እየነዳች ስለነበር ድምፁ መኪናውን ሞላው።

«እማዬ የት ነሽ?» የሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች።

«ሥራ አለኝ ማሬ። ቶሎ እመጣለሁ።»

«ፋሲካ ነው እኮ። አባዬ ሊበላ ነው።»

«ብሉ፤ እደርሳለሁ።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ «ከእሷ ጋር ነሽ አይደል?» አለች።

 ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እሷ እናት የላትም እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አላት» አለች መምህሯ ቀስ ብላ። «እናቷም እዚሁ መኪና ውስጥ አሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሣጥኑን አጥብቄ ያዝኩ። በዚያ ዓመት በየመስኮቱ ቆሜ ውስጤ ሲያወራ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ስልክ ውስጥ ወጣ። የሷ ብሶ እንደሆነ እንጃ እንጂ የተለየ አልነበረም። የኔን ልጅ የወሰደችብኝ ሴት የራሷን ልጅ ቤት ትታ ነው የመጣችው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናት ሆና አስቤያት አላውቅም።

ላብራቶሪው ባዶ ነበር። ከመስታወቱ በር ውጭ ወንበር ሰጡኝ። እዚያ ሆኜ አየኋቸው። እጢዋን አጥበው ሴሎቹን የሚያላቅቅ ፈሳሽ በመርፌ ወጉባት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀመጡ፤ ደግመው ወጉ። ልጄ እጇን ስትዘረጋ መምህሯ መቀሱን ሳትጠየቅ ትሰጣታለች። አይነጋገሩም። እኔና ልጄ የተሰፋ ዩኒፎርም ስናጥፍ እንደዚያ ነበርን፤ አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ታጥፋለች። እንደዚያ ሲሠሩ ከማየት ሲያወሩ መስማት ይሻለኝ ነበር።

የመምህሯ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ በራ። አየችው፤ ገለበጠችው።

በሩን አንኳኳሁ። «አሁን የሚቀረው ሥራ ምንድን ነው?»

«ማጥለል ነው እትዬ» አለችኝ መምህሯ። «አንድ ሰው ወንፊቱን ይይዛል፣ አንድ ሰው ያፈስሳል። ከዚያ ማጠብ ነው።»

«መያዝ እችላለሁ። እርስዎ ወደ ልጅዎ ይሂዱ።»

ልጄ ደነገጠች። «እማ፣ አንዲት ፀጉር ብትገባ ሁሉም ያልቃል። ሻጋታ ከገባ ሌላ እጢ የለንም።»

«ፀጉሬ በሻሽ ነው የታሰረው።»

መምህሯ ልጄን አየቻት፤ ልጄ እሷን። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ለምን እንድትሄድ እንደፈለግሁ መምህሯ የገባት ይመስለኛል። ለልጇ ነው፤ ለራሴም ነው። ሁለቱን ለይቼ መናገር አልችልም።

«ጓንት ያድርጉ፣ አፍዎንም ይሸፍኑ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ልጄ፣ እጃቸውን በአልኮል ጠርጊላቸው። እንዳጠናሽው አድርጊው። ትችይዋለሽ።»

ከዶሮው ግማሹን በሌላ ዕቃ አድርጌ ሰጠኋት። «ለልጅዎ» አልኳት። «ቅመሙ አይበዛም በሏት።» ቀሚሷ ጫፍ ላይ ደም ነበር። እንደዚያው ሄደች።

ለዓመት የተመኘሁት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ በልጄ ጎን፣ እጄ ከእጇ አጠገብ። ላወራት አፌን ስከፍት «አንናገርም እማ፣ ትንፋሽ ይገባል» አለች።  እሷ አፈሰሰች፤ እኔ ያዝኩ። ደፍራሽ ውኃ በስሱ ወንፊት ጠብ ጠብ አለ። እዚያ ጠብታ ውስጥ ሴሎቹ፣ በሴሎቹ ውስጥ ከረጢቶቹ እንዳሉ አሰብኩ። ወንፊቱ እንዳያጋድልብኝ ድንግልን ለመንኩ።

ሴሎቹ ወደሚሞቁበት ከገቡ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን የቀረውን ዶሮ በላን። እንቁላሉን ለሁለት ከፈልኩት።

«ለምንድን ነው ለኔ የማትነግሪኝ?» አልኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ወጣ።

አኝካ ጨረሰች። «አንድ ነገር ተበላሸ ስልሽ አንቺ አትተኚም። ትሰግጃለሽ፣ ትጾሚያለሽ፣ ፊትሽ ይከሳል። እሷ ግን ‹ምን አደረግሽ፣ ቀጥሎስ ምን ታደርጊያለሽ› ትለኛለች። የተበላሸውን ለእሷ እነግራታለሁ። ለአንቺ የተሳካውን ይዤ ልምጣ እያልኩ ነው። በዚህ ዓመት ደግሞ የተሳካ ነገር አልነበረም።»

 አጥንቱን ከሳህኗ አነሣሁላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከሰሙነ ሕማማት ይልቅ ረዘሙብኝ። ሻጋታ ከገባ በኔ እጅ ነው የገባው። በኔ ፈንታ መምህሯ ይዛው ቢሆን ኖሮ ንጹሕ ይሆን ነበር። በየምሽቱ ልጄ ስትመጣ ፊቷን አያለሁ፤ አልጠይቃትም። እሷም «ገና ነው» ብቻ ትለኛለች። ጠዋት ስማኝ ትሮጣለች፤ አላስቆማትም።

ተራዋ የደረሰ ቀን ከሰዓት በኋላ የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ሴሎቹ ንጹሕ ናቸው። ከረጢቶቹ በርተዋል። ቀለሙን ይዘው ተመልሰዋል፤ ሴሏ ውስጥ እንደ ኮከብ ተበታትነው ይታዩኛል። ለስለስ ባለው ጥሪና በጠንካራው መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኔ እያየሁት ነው።»

እግሬ ከስፌት መኪናው ላይ ወረደ። «ለዶክተር ነገርሻት?»

«ገና ነኝ። አሁን እኮ ነው ያየሁት። በመጀመሪያ ላንቺ ነው የደወልኩት።»

ዓመቱን ሙሉ የፈለግሁት ይህ ነበር። እዚያው ላይ ይዣት መቆየት፣ አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ማድረግ እችል ነበር። ነገር ግን ለቡ ውስጥ፣ ደም የነካውን ቀሚስ አጥባ የምትጠብቅ ሴት አለች።

«ደውዪላት» አልኳት። «እየጠበቀች ነው።»

«ቆይ እንጂ እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ለእሷ ደውዪ። ለኔ ማታ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ስዘጋው ቆጨኝ። ምን ልትነግረኝ ነበር? መልሼ ደወልኩላት። መስመሩ ተይዟል። ቆይቼ ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ተይዟል። ረጅም ነገር እያወሩ ነው። ተመስገን አልኩ፤ ቀናሁም። ከዚያ ወደ ጨርቄ ተመለስኩ።